ተማሪዎች የሚኖሩበት ግንብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት በሰሜን እንግሊዝ አገር የምትገኘውን ዱራም የተባለችውን ጥንታዊት ከተማ ለመጐብኘት ዕድል ስላጋጠመኝ፥ ያየሁትን ባጭሩ እንድነግራችሁ ታዝዤ ቀርቤአለሁ።

ከባቡር የወረደ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ካቴድራሉንና ግንቡን ነው። ሁለቱም በአንድ አምባ ላይ ጐን ለጐን ቆመዋል፤ ዊር የተባለው ወንዝ በሦስት ወገን ይዞራቸዋል። ቦታው ለመከላከል የተመቸ ስለሆነ፥ ኖርማኖች እንግሊዝን በያዙ በ6ኛው ዓመት፥ ማለት በ1072 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ግንቡን መሥራት ጀመሩ።

በግንቡ የተቀመጡት ጳጳሳት እንደ መስፍን የሚገዙ ነበሩ፤ ዳኝነት ይሰጣሉ፥ ጦር ያዛሉ፥ ገንዘብም ያሠራሉ። ይህ ሥልጣን በዚሁ አቆጣጠር በ1836 ለዘውዱ ተመለሰ። በ1837 ደግሞ የዱራም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግንቡ ውስጥ ገቡ። ጳጳሳቱ ግብር ባበሉበት አዳራሽ ዛሬ ተማሪ ተሰልፎ ምሳውን ይበላል።

ግንቡን ዞሮ ያሳየኝም ተማሪ ነው። «ይህ ሁሉ ወደ ወንዙ ሊንሸራተት ተቃርቦ ነበር» አለኝ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መዋጮ ተሰብስቦ መሠረቱ ባይጠነክር ኖሮ፥ ዛሬ የምንጐበኘው ፍርስራሹን በሆነ ነበር።

ቀጥሎም «በአገርህስ እንዲህ ያለ ቤት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ እንደ ሰጡ በኩራት ነገርኩት። «ውስጡ ምን ይመስላል?» ቢለኝ ግን መልስ አጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በደጃፉ ስመላለስ፥ አንድ ቀን እንኳ ወደ ሙዚየሙ አልወጣሁም። በጣም አፈርኩ።

እንደ ተመለስኩ ገብቼ አየሁ። የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አየሁ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ ታግተው የነበሩት መኳንንት የተገደሉትም በዚሁ ቤት መሆኑን አስታወስኩ። ከእናንተስ ስንቶቻችሁ ገብታችኋል? እጅ አውጡ ብዬ አላሳፍራችሁም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሰው የማያውቀውን ቤት ጣሪያው ቢያፈስ አይሰማውም። ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲመረምር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ አዲስ ተማሪ ሁሉ በገባ በመጀመሪያው ወር ቤቱን እንዲጐበኝ፤ ሁለተኛ፥ እንደ ዱራም ተማሪዎች እኛም ታሪኩን አጥንተን በየተራ እንግዳ እንድናስጐበኝ። ለመጀመሪያው ተራ እኔ ስሜን አስመዝግቤአለሁ።