ዴሞክራሲ ማለት ምን ማለት ነው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ይህን ንግግር እንድናደርግ ሲያዘን ትንሽ አመንትተን ነበር። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብና ማኅተም ስንመታ ጨርሰን ጡረታ የወጣን፣ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰዎች ነን። ይሁን እንጂ ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ስለሆነ፣ የሰማነውንና ያየነውን ብናካፍል አይከፋም ብለን ቆመናል።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የሕዝብ አገዛዝ ማለት ነው። ታዲያ ሕዝብ የሚባለው ማን ነው? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጥንቷ አቴና እንኳ ድምፅ የሚሰጠው ወንዱ ዜጋ ብቻ ነበር፤ ሴቱም ባሪያውም መጤውም አይቆጠሩም።

በአገራችንም ቃሉ ብዙ ልብስ ለውጧል። ቀደም ባለው ዘመን ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሲመርጥ ሴቶችም የመምረጥ መብት ነበራቸው፤ ተመራጩ ግን ባለ ንብረት መሆን ነበረበት፤ ፓርቲ የሚባልም የለም። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም አወጀ። ያኔ እኛ ልጆች ነበርን፤ ቃሉን ከሬዲዮ ሰምተን እንደጋግመዋለን እንጂ ትርጉሙን የጠየቀ አልነበረም። ደርግን የሚቃወመው ኢሕአፓም የኅቡዕ ጋዜጣውን ስም «ዴሞክራሲያ» ብሎት ነበር። ሁለቱም አንዱን ቃል ይዘው ተጋደሉ። በኋላም አገሪቱ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተባለች፤ ፓርቲው ግን አንድ ኢሠፓ ብቻ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። «ብዙኃኑ ካለ አለቀ» ያለ ነበር፤ «ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ምኑን ምክር ቤት ሆነ?» ያለም ነበር።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሰቃ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ ይህ ጥያቄ ቢነሳ መልሱ እንደ ሰዉ ብዛት ነው። ገበሬው «ቡናዬን ለፈለግሁት መሸጥ ነው» ይላል። ወጣቱ «ሥራ ሳይኖር ምን ዴሞክራሲ አለ?» ይላል። አንዷ እናት «ሳይፈሩ መናገር ነዋ!» ይላሉ። ሽማግሌው ደግሞ ገዳን ያነሣሉ፤ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክበውን፣ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበውን ማለታችን ነው። እኛ በጊቤ አገር ገዳው በ19ኛው መቶ ዓመት ለሞቲዎች ቦታ ቢለቅም፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እስኪስማሙ ድረስ መመካከር ግን ከሽማግሌው ልብ አልወጣም። እንግዲህ አንዱ ዴሞክራሲ እጅ መቁጠር ነው ሲል፣ ሌላው እስኪግባቡ መቀመጥ ነው ይላል።

የትኛው ልክ ነው? መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን መዝገብ አገኘነው።

ባለፈው ጉባኤ ወርሃዊ መዋጮው ከ30 ብር ወደ 50 ብር ከፍ ይበል ተባለ። እጅ ወጣ፤ ብዙኃኑ ደገፈ። ቃለ ጉባኤውን ጽፈን ፈረምን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት ይሰረዛል በሚለው ደንብ የአንዲት ጉሊት የሚሸጡ እናት ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። የሰረዝነው እኛው ነን። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው አረፈ። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልወጣም፤ ጎረቤት አዋጥቶ ቀበረ። ለቅሶ ስንደርስ አልተቆጡንም። «ያን ዕለት እጄን አላወጣሁም። ግን የለኝም ብዬ በሰው ፊት እንዴት ልናገር?» አሉን። ይህንንም ዛሬ የምናነሳው እሳቸው ፈቅደው ነው።

ብዙኃኑ አጥፍቷል አንልም። የድንኳኑም የሣጥኑም ዋጋ እኮ ጨምሯል። ጥፋታችን ዝም ያለውን ሁሉ ተስማማ ብለን መቁጠራችን ነው። ከእንግዲህ እኛ ዴሞክራሲን የምንመዝነው በወጣው እጅ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ እጁን ያላወጣው ሰው በማግሥቱ በሚያገኘው ነገር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የገባበት ዕድር ይህን ካልቻለ ማን ይችላል?

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የገንዘብ ጉዳይ ድምፅ ከመሰጠቱ ከአንድ ወር በፊት ለአባላት ይነገር። ሁለተኛ፣ አቅም ያነሰው ሰው ችግሩን በምሥጢር የሚያዋያቸው አንዲት እናትና አንድ አባት ይመረጡ። ሦስተኛ፣ ስም ከመሰረዙ በፊት ኮሚቴው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። አራተኛ፣ የተሰረዘው የእኚያ እናት ስም ይመለስ።

ይህንንም ቢሆን በጭብጨባ እንዳታሳልፉት አደራ። በመጀመሪያ የማይስማማው ይናገር፤ እኛም ቁጭ ብለን እንሰማለን።