በመርጃ ማእከል የሚኖሩ የአእምሮ ሕሙማንን አያያዝ እንዴት እንመርምር?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥተው የሚያኖሩ ቤቶች አሉ። አንዳንዱን ሰበካ ጉባኤ ራሱ ያስተዳድራል፤ ሌላውን በእህል፣ በልብስና በገንዘብ ይደግፋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርብልን ሪፖርት ስንት ሰው እንደተነሣ፣ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደገባ፣ ስንት ፍራሽ እንደተገዛ ይዘረዝራል። ይህንን ሰምተን፣ እግዚአብሔርን አመስግነን እንለያያለን። በፍራሹ ላይ የሚተኛው ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ የሚውጠውን መድኃኒት ማን እንዳዘዘለት፣ ወደ ቤተሰቡ መመለስ ቢፈልግ ማን እንደሚሰማው ግን ሪፖርቱ አይነግረንም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጉድለት ነው።

ለጽድቅ የሚሠራን ሰው መመርመር ድፍረት ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ በኦዲተር ሲመረመር ገንዘብ ያዡን እንደ መስደብ አንቆጥረውም፤ የሰው ሕይወት ከሙዳየ ምጽዋት ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ታላቅ ማእከል አሠርቶ ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በቀብር መታሰቢያ ንግግሩ ያንን ሥራ ሲያወድስ ስለ ሕንጻው ታላቅነት ብቻ አልተናገረም፤ ሊቀ ጳጳሱ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እንደ ወንድም እየሳመ ይቀበላቸው እንደነበረም ገልጿል። ከጥንት ጀምሮ በአባቶቻችን ዘንድ ሕሙማን እንዴት ይቀረባሉ የሚለው ጥያቄ ከሕንጻው ጋር አብሮ ይታይ ነበር ማለት ነው።

በዘመናችን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ኳሊቲ ራይትስ የተባለ የአእምሮ ጤና ተቋማት መመርመሪያ መመሪያ አውጥቷል። መሠረቱ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቱን ሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። መመሪያው አምስት ነገሮችን ይመለከታል፤ ኑሮው ለሰው ልጅ የሚገባ መሆኑን፣ የአካልና የአእምሮ ሕክምና መገኘቱን፣ ነዋሪው ስለ ራሱ የመወሰን መብቱና ነጻነቱ መጠበቁን፣ ከድብደባ፣ ከስድብና ከጭካኔ መጠበቁን፣ በመጨረሻም ራሱን ችሎ ከማኅበረሰቡ ጋር የመኖር ዕድል ማግኘቱን። መርማሪዎቹ ሰዎችን ያነጋግራሉ፣ ቤቱን በዓይናቸው ያያሉ፣ መዝገብ ያነባሉ። በቡድኑ ውስጥ የጤናና የሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ሕመሙን ራሱ ያየ ሰውና የሕሙማን ቤተሰብም እንዲገኝበት ይመከራል። አንድ አጥቢያ ቅጹን በሙሉ መሙላት ባይችልም አካሄዱን ሊከተል ይችላል።

ከማየት እንጀምር። ጉብኝታችን አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ የምናየው የታጠበ ወለልና የተነጠፈ አዲስ አንሶላ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይነገር፣ ቢቻል ከመሸ በኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በሌሊት ስንት ሰው ይጠብቃል? ሴቶቹ በሚተኙበት በኩል ሴት ተንከባካቢ አለች? በራቸው ከውስጥ ይዘጋል? መጸዳጃ ቤቱ ብርሃን አለው? የምግቡን ሰዓት ደግሞ በጥንቃቄ ቁጠሩ። ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ሲባል ራት ከቀኑ 11 ሰዓት ቀርቦ ቁርስ በማግሥቱ 2 ሰዓት የሚሰጥ ከሆነ፣ ነዋሪው ያለ ጾም ሥርዐት 15 ሰዓት ይጾማል። በየወሩ የሚጻፍ የክብደት መዝገብ ካለ ብዙ ነገር ይገልጣል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልጨምር። በዝክርና በተዝካር ቀን፣ በ12 እና በ21 ወደነዚህ ቤቶች የሚወሰደው ምግብ ተትረፍርፎ ሊበላሽ፣ በአዘቦት ቀን ግን ወጡ ሊቀጥን ይችላል። የማኅበራቱን ተራ በቀን መቁጠሪያ አደላድሎ መመደብ ለሰበካ ጉባኤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ወደ መዝገቡ ስንመለስ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የመድኃኒቱ ነው። የእያንዳንዱ ነዋሪ ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ ያዘዘው ባለሙያ፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረበት ቀን ተጽፎ መገኘት አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን በአንድ ዓይነት መጠን የሚወስዱ ከሆነ፣ ቤቱን ጸጥ ለማድረግ እንጂ ሰውን ለማከም እየተሠራ ነውን ብለን መጠራጠር ይገባናል። እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ብዙዎችን ወደ ጤና የመለሱ ናቸው፤ ነገር ግን እንቅልፍ፣ የጡንቻ መገተር፣ መንቀጥቀጥና የምራቅ መዝረብረብ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ሰው ተረጋግቷል ከመባሉ በፊት ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ የዚህም አንዱ ምክንያት የአካል ሕመማቸው ሳይታከም መቅረቱ ነው። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና የጥርስ ሕክምናም በመዝገቡ ይፈለጉ።

በዚህ ረገድ የካህናት ድርሻ የማንም ምትክ የለውም። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ማቋረጥ አለበት የሚል ንግግር በብዙ ቦታ ይሰማል። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን በኃይል ሊመልሰው ይችላል። ጠበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚችል፣ ሕመምተኛም ከጾም ግዴታ እንደሚፈታ ከካህን አንደበት ሲሰማ፣ ነዋሪውም ተንከባካቢውም የሚቀበሉት እንደ አባት ቃል ነው።

ሦስተኛው ማነጋገር ነው፤ ከባዱም ይህ ነው። ተንከባካቢው አጠገቡ ቆሞ እያለ የሚጠየቅ ሰው ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይመልሳል። ነዋሪዎቹን እኛው እንምረጣቸው፤ ለብቻቸው እናነጋግራቸው፤ በተናገሩት ምክንያት እንዳይቀጡ ከኃላፊው ጋር አስቀድመን እንነጋገር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ተመልሰን እንጠይቃቸው። የቤቱ ነዋሪዎች የንስሐ አባት የሆነው ካህን በመርማሪነት ባይመደብ ይሻላል። በኑዛዜ የሰማው ምስጢር በግኝት መልክ ሊወጣ አይችልም፤ ነዋሪውም የሚናገረው ለንስሐ አባቱ ይሁን ለመርማሪው መለየት ያቅተዋል።

የታመመ ሰው ቃል እንዴት ይታመናል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንድ ሰው ድምፅ ይሰማኛል ስላለ፣ ትናንት ማታ ተመትቻለሁ ያለው ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ተለያይተው የተጠየቁ ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ሌሊት ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ ነገሩ ሊጣራ ይገባዋል።

ጆሯችንንም ንግግሩ ላይ እናኑር። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እያለ የሚጠራ ወጣት ተንከባካቢ፣ በስማቸው ፈንታ በቅጽል የሚጠሩ እናት፣ ብዙ ነገር ይነግሩናል። የራሱ ልብስና የሚቆለፍ ሣጥን ያለው ስንት ነው? ፎቶግራፋቸው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲወጣ ተጠይቀው ፈቅደዋል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እኛም ለራሳችን ብናቀርበው አይጎዳንም።

ስለ ሰንሰለትና ስለ ገመድ ግልጽ መሆን ይገባል። የታሰረ ሰው ከተገኘ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ኃላፊዎቹ የሚያስሩት ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላልተማሩና ሰው ስለሚያንሳቸው ነው። ይህ መታሰሩን ትክክል አያደርገውም፤ መፍትሔው ግን ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን ያመለክታል። ማን፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደታሰረ፣ ከዚያ በፊትም ምን እንደተሞከረ የሚጻፍበት መዝገብ ይከፈት፤ ሠራተኞቹ የተቆጣን ሰው በንግግር ማረጋጋትን ከሆስፒታል ባለሙያዎች ይማሩ፤ የሌሊት ሠራተኛ ይጨመር። ድብደባ ወይም በሴቶች ላይ የተፈጸመ ጥቃት ሲገኝ ግን ጉዳዩ በሽምግልና የሚያልቅ አይደለም፤ ለሕግ አካል ይቀርባል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የጌርጌሴኖኑን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዎች በሰንሰለት ያሰሩትን ጌታ ፈታው፤ ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ አዩት። አብሮት ሊሆን በለመነው ጊዜ ጌታ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ላከው። ብዙዎቹ መርጃ ማእከላት መግቢያ እንጂ መውጫ አልተዘጋጀላቸውም። በዓመት ስንት ሰው ገባ ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ስንት ሰው ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፣ ከተመለሰም በኋላ መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ማን ተከታተለ ብለን እንጠይቅ። የትውልድ ቀበሌውንና ደብሩን የሚያስታውስ ነዋሪ ካለ፣ ሆስፒታል የማይደርስበት ቦታ የደብሩ አስተዳዳሪ ይደርሳል። በሀገረ ስብከት በኩል የሚላክ አንድ ደብዳቤ ለዓመታት የሞተ የመሰለውን ልጅ ለእናቱ ሊያገናኝ ይችላል። ቤተሰቡ ሲያመነታም ጎረቤትን የሚያስረዳው፣ እርግማን ነው የሚለውን ወሬ የሚያስቆመው ካህኑ ነው።

ምርመራው ሲያልቅ ጉድለት ባገኘንበት ቤት ላይ እርዳታን በድንገት ማቋረጥ አይገባም፤ የሚራበው ኃላፊው ሳይሆን ነዋሪው ነውና። እያንዳንዱ ጉድለት የሚያስተካክለው ሰውና ቀን ተጽፎለት፣ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቡድን እንደገና ይታይ። ውጤቱም ለሰበካ ጉባኤው ከመቅረቡ በፊት፣ የተናጋሪዎቹ ስም ሳይጠቀስ፣ በቤቱ ግቢ ለነዋሪዎቹ ይነበብ፤ የሚያርሙትም ካላቸው ይታረም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።