የሳነቴው ፍልፈል

በዚህ ሰዓት ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የሐይቁን ነፋስ እየተቀበላችሁ የእግር ጉዞ ላይ ያላችሁ፣ ሐሳባችሁን ለአፍታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሌ ተራሮች መልሱልኝ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ይደርሳል።

በእስያና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች፣ ለብርዱ ወራት ሣር እያደረቀች የምትከምር ፓይካ የምትባል ትንሽ እንስሳ አለች። እኛ ዘንድ ለእሷ ኑሮ የሚቀርበው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለም። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የወጡ ናቸው። ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፣ በአቅራቢያው ያለውን ሣር ይነጫል፣ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ አብዛኛው ዕድሜው ከመሬት በታች ነው። ፈሪ አትበሉት! ቀይ ቀበሮ አድፍጦ ይጠብቀዋል፤ የሳነቴ ቀበሮ ዋና ምግቡ እሱ ነዋ።

ቀበሮውን ለማየት ቱሪስት ውቅያኖስ ይሻገራል፤ ፍልፈሉን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ አይገባኝም። መስኩ በከብት ተግጦ ፍልፈሉ ከጠፋ ቀበሮው ምን በልቶ ያድራል?

ከጎባ ወደ ደሎ መና የምትነዱ አድማጮቻችን፣ መንገዱ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋልና እዚያ ስትደርሱ ለቀበሮውም ለፍልፈሉም ስትሉ ፍጥነት ቀንሱ።