ጨው ከነካው መሬት የሚገኝ ምግብና መድኃኒት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ጨው የወጣበት መሬት የሞተ መሬት ነው ሲባል እንሰማለን። በእርግጥም በቆሎ በእንዲህ ያለ መሬት ቢዘራ፣ ውኃው ከአጠገቡ ሳለ ሥሩ መሳብ ተስኖት በጥም ይደርቃል። ነገር ግን ይህንኑ መሬት ቤታቸው ያደረጉ ዕፀዋት አሉ። አንዳንዶቹ ጨውን በሕዋሳቸው ውስጥ ለይተው ያስቀምጡታል፤ ሌሎቹም በቅጠላቸው ገጽ ላይ ያወጡታል።

ከነዚህ አንዱ ሶማሌዎች አዳይ፣ አፋሮች አዳይቶ የሚሉት፣ በሳይንስ ስሙም ሳልቫዶራ ፐርሲካ የተባለው ዛፍ ነው። ሥሩና ቅርንጫፉ መፋቂያ ይሆናል፤ ፍሬው ይበላል፤ ቅጠሉን ግመል ይመገበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ1986 እ.ኤ.አ. ልማዱ ባለበት አገር ሁሉ በዚህ መፋቂያ መጠቀም እንዲቀጥል መክሯል።

በአውሮጳም መርከበኞች ድድ የሚያደማውን ስኩርቪ የተባለ በሽታ፣ በባሕር ዳር በሚበቅለው ኮክሌያሪያ በሚሉት ቅጠል ይታከሙ ነበር። ፈዋሹ ቫይታሚን ሲ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሕዝቡ ቀድሞ ዐወቀ፤ ሊቃውንቱ ምክንያቱን ኋላ ደረሱበት። ሳሊኮርኒያ የተባለውም ቅጠል እስከ ዛሬ በእንግሊዝና በፈረንሳይ አገር ይበላል፤ ዘሩ ዘይት ይሰጣል፤ አመዱም በጥንት ጊዜ ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይውል ነበር።

ይህን ስንል ያገኘነውን ሁሉ እንብላ ማለታችን አይደለም። ጨው የበዛበት ቅጠል የደም ግፊት ላለበት ሰው ይጎዳል፤ ኩላሊትን የሚያውክ ኦክሳሊክ አሲድ የሚያጠራቅምም አለ። የባህል መድኃኒት ሁሉ ሳይመረመር ሊናቅም ሊታመንም አይገባውም።

ነገሩ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ የመስኖው ውኃ በቂ መውረጃ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውኃ ጨውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ከጥጡም እርሻ ብዙው ጠፍ ሆኖ ቀረ። በዚያ መሬት ምን እንደሚበቅልና ለምን እንደሚጠቅም ከእኛ ይልቅ አርብቶ አደሩ ያውቃል። ዕውቀቱ ግን ያለው በሽማግሌዎች ዘንድ እንጂ በመጽሐፍ አይደለም።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደ ቆላ የምንወርድ ሁሉ የተክሉን የአገር ስም፣ የሚጠቅመውን ክፍልና አሠራሩን እንጻፍ፤ ቅጠሉንም አድርቀን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እናስረክብ። ዕውቀቱ የእርሱ ነውና፣ የነገረንንም ሰው ፈቃዱን ጠይቀን ስሙን አብረን እንመዝግብ።