የቀበሌ ቤት ጥገና የማን ነው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የቆመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ታዲያ የቤት ጥገና ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ባለፈው ክረምት ለቅሶ በተቀመጥንበት የቀበሌ ቤት ዝናቡ በጣሪያው ቢገባ፣ ኀዘንተኞቹን ከፍራሽ አንስተን ጎረቤት ያስገባናቸው እኛው ነን። ስለዚህ ያገባናል።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚያስተዳድራቸው ወረዳ ቢሆንም ስማቸው «የቀበሌ ቤት» እንደ ሆነ ቀርቷል። የኪራዩ መቀነስ ለድሃው እፎይታ ነበር። ነገር ግን የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ሲንር ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆየ። ከጥቂት ብር ኪራይ ደግሞ የጣሪያ ማደሻ አይወጣም። ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይላል፤ አከራዩ «በጀት የለም» ይላል። በመካከሉ ግድግዳው ይፈርሳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ለይቶታል። ቤቱን ለመኖሪያ እንዲበቃ አድርጎ መጠበቅ የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ጥቃቅኑ ጥገና የተከራዩ ነው። በእኛ አነጋገር፣ ያረጀ ጣሪያና የዘመመ ምሰሶ የአከራዩ፣ የሰበርነው መስታወትና የላላው ማጠፊያ የእኛ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የእኛን ድርሻ በጊዜው እንሥራ። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ እየተፈናጠረ የጭቃ ቤቱን ግርጌ ያርሰዋል፤ እንጨቱ ከበሰበሰ ወዲያ ምርጊት አያድነውም። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውን እንጥረግ፣ ቦይ እንቅደድ፣ ስንጥቁን በጭድ ጭቃ እንምረግ።

ሁለተኛ፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለወረዳው በጽሑፍ እናመልክት። በቃል የተነገረ ይረሳል። ቀን ያለበት ቅጂ እጃችን ላይ ይቅር።

ሦስተኛ፣ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አናፍርስ፣ ክፍል አንቀጥል። ገንዘባችንን አውጥተን ኋላ ጥፋተኛ እንዳንሆን።

ብቻቸውን የሚኖሩ አቅመ ደካሞችስ? መሰላል ላይ ውጡ አይባሉም። ድንኳን ለመትከል የሚሰበሰበው ጉልበታችን ከክረምት በፊት አንድ ቅዳሜ ለእነሱ ይዋል። ለሞተ ድንኳን የምንተክል ሰዎች፣ በሕይወት ላለው ቀዳዳ መድፈን አያቅተንም።