የወረዳው በጀት የእኛም ጉዳይ ነው
(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል የሚጠበቀው የገቢና ወጪ ዘገባ ነው። እሱ በእጃችሁ ባለው ሰነድ ውስጥ ስላለ ዛሬ ስለ ሌላ ሂሳብ እንነጋገር። ከድጋፍ ሣጥናችን ብዙ ጊዜ ገንዘብ የምናወጣው ለታመሙ እህቶቻችን ነው። ይህ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ስንከታተል ከራሳችን መዝገብ አልፈን ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ መዝገብ ደረስን።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በከተማ ከ100 ወሊድ 79ኙ፣ በገጠር ግን 20ው ብቻ በጤና ተቋም የተከናወኑ ነበሩ። በአዲስ አበባ 97፣ በአፋር 15 ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የገጠሩ ወደ 40 ከፍ ብሏል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ማዋለድ በነጻ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከመንገዱ፣ ከአምቡላንሱ ነዳጅና ጥገና፣ ከእናቶች ማቆያ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው ሌሊት ውኃና መብራት ከማግኘቱ ነው። አብዛኞቹን የሚወስነው ወረዳው ነው። ወረዳ ከክልል የሚደርሰውን ጥቅል በጀት ለየጽሕፈት ቤቱ ያከፋፍላል። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ለደመወዝ ይሄዳል። ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለመድኃኒት የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ያ ጥቂት ገንዘብ የት እንደሚውል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይሠራል። የሚችል ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። የማይችሉት እነማን እንደሆኑ የሚለየው በቀበሌ ነው። የእህቶቻችን ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በሰው ቤት ተከራይታ ጉልት የምትነግድ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላት እህት በዝርዝሩ አትገባም። ከባሏ የተለየች ሴት የመድን ደብተሩ በእሱ ስም ስለሆነ ከነልጆቿ ያለ መድን ትቀራለች። ወረዳው የሚከፍልላቸው ሰዎች ቁጥር በያዘው በጀት ስለሚወሰን፣ ስማቸው ዘግይቶ የቀረበ ሴቶች ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋሉ። በሽታ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቅም። ደብተር ያላቸው አባሎቻችንም ቢሆኑ ጤና ጣቢያ ደርሰው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብለው የሚመለሱበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ሦስት ነገር እንድናደርግ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በየቡድናችን መድን የሌላቸውን፣ ደብተራቸው በሌላ ሰው ስም የሆነባቸውንና መታወቂያ ያላገኙትን አባላት እንመዝግብ። የአባልነት ምዝገባና እድሳት ከመጀመሩ በፊት ዝርዝሩን ይዘን ቀበሌ እንቅረብ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ስለሚሄዱ ችግሩን ያውቁታል፤ ከእነሱ ጋር እንሥራ።

ሁለተኛ፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከጸደቀ በኋላ መጮህ ጥቅም የለውም። ወረዳው ሕዝብ በሚያወያይበት ጊዜ ወኪሎቻችን ተገኝተው ለማይችሉ ሰዎች መድን ምን ያህል እንደተያዘ፣ ለአምቡላንስ ምን ያህል እንደተመደበ ይጠይቁ። ቁጥሩን ለመረዳት የሚቸገር አባል ቢኖር የሂሳብ ክፍላችን አብሮ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያ የኅብረተሰብ ተወካይ የሚቀመጥበት የሥራ አመራር ቦርድ አለው። ጤና ጣቢያው ከሚሰበስበው ገቢ ለመድኃኒት ምን ያህል እንደሚውል የሚነጋገረው ይህ ቦርድ ነው። ከመካከላችን አንዲት ሴት እዚያ እንድትቀመጥ እንጠይቅ።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ የአንዲት እህታችንን ሕክምና ስትሸፍኑ ትልቅ ውለታ ነው፤ ከልብ እናመሰግናለን። ሆኖም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገን የትራንስፖርት፣ የወረቀትና የሥልጠና ወጪ ጥቂት ነው። ያንን ብታግዙን እህታችን በየዓመቱ በራሷ ደብተር ትታከማለች፤ ሣጥናችንም መድን ለማይሸፍነው ችግር ይተርፋል።