የሞግዚቷ ደመወዝ ከማን ኪስ ይቀነሳል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ልጅ ለማሳደግ ቤት በዋሉ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)

የመጣነው ልጆቻችንን አዝለን ነው፤ አንዱ ካለቀሰ ማይክሮፎኑን ለሌላዋ እናቀብላለንና ቅር አይበላችሁ።

እኛ ሥራ ትተን ቤት የዋልን አባላት ነን። «አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ስንባል «ምንም፣ ቤት ነኝ» እንላለን። ከዚያ ወይ «ታድለሽ!» ይከተላል፣ ወይ «ታዲያ ለምን ተማርሽ?»። ሁለቱም ነገሩን ወድደን እንደመረጥነው ቆጥረው ነው። ከመካከላችን በእርግጥ ወድዳ የዋለች አለች፤ ደስተኛ ናት፣ እኛም ደስ ይለናል። የሌሎቻችን ምርጫ እንዴት እንደተመረጠ ግን እስቲ እንንገራችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባትየው 3 ቀን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንዳይቀምስ ትመክራለች። አዋጁ ሦስት ወር ይላል፣ ባለሙያዋ ስድስት። በመካከሉ ባለው ሦስት ወር ሕፃኑ የት እንደሚውል የሚነግረን የለም። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ እኛ ግን አብዛኞቻችን የግል ተቀጣሪዎች ነበርን።

ድሮ መሀል ከተማ ግቢ ተጋርተን ስንኖር ይህ ጥያቄ እንዲህ አይከብድም ነበር። አጠገባችን የሚኖሩ እማማ ነበሩ፤ ልጁን «አንድ ጊዜ ያዙልኝ» ብለን እስከ ማታ እንጠፋለን፤ ስንመለስ በልቶ፣ ተኝቶ፣ አንዳንዴም ተገርፎ እናገኘዋለን። ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ስንወጣ ቤቱ ተሻሻለ፣ ውኃና ሽንት ቤት ውስጥ ገባ። እማማ ግን ሌላ ሳይት ደረሳቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሂሳብ ነው። አንዲት እናት ግብርና ጡረታ ተቀንሶ 7,000 ብር በእጇ ይገባል እንበል። ባሏ 11,000 ያገኛል። ለሞግዚት 3,500፣ ለሁለት ሁለት ታክሲ ደርሶ መልስ 1,500፣ ለምሳዋ 1,200 ይወጣል። የቀረው 800 ብር ነው። እዚህ ላይ ባልም፣ አማትም፣ የገዛ እናቷም አንድ ቃል ይናገራሉ፦ «ለ800 ብር ነው እንዴ የምትንከራተቺው?» ጉዳዩ አለቀ፤ ቤት ዋለች፤ «መረጠች» ተባለ።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ የሞግዚቷ 3,500 ብር ለምን ከእናትየው ደመወዝ ብቻ ተቀነሰ? ልጁ የሁለት ሰው ልጅ ነው። ከባልየው 11,000 ላይ ሞግዚት ቀንሶ «ለ7,500 ብር ነው እንዴ የምትንከራተተው?» ያለው ሰው እስካሁን አልሰማንም።

ደግሞም በዚያ ሂሳብ ውስጥ ያልገባ አለ። በጡረታ ከእርሷ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ በየወሩ ይቀመጥላት ነበር። በእንዲህ ያለ ደመወዝ ላይ ይህ ከ1,260 ብር ይበልጣል፤ ሁላችንም ከተከራከርንበት 800 ብር በላይ ማለት ነው። የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በስድስተኛው ዓመት የወጣች ሴት ምን እንደተወች የምታውቀው ፀጉሯ ሲሸብት ነው።

ሞግዚቷንም አንርሳት። «የቤት ሠራተኛ ጠፋች፣ ደመወዝ ሰቀለች» እያልን እናማርራለን። ብዙዎቹ ወጣቶች ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ የቀሩት ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ በሰው ቤት ኖረን የወጣን አለን፤ የሰው ልጅ ስናሳድግ የራሳችን ልጅ አያቱ ዘንድ ነበር። ቤት መዋል ጭራሽ ያልተጠየቀችም አለች፤ ጉሊት የምትቸረችር እናት ልጇን አዝላ ፀሐይ ላይ ትውላለች። ለእርሷ የእኛ «ምንም፣ ቤት ነኝ» ቅንጦት ነው።

በዕድሜ ከኛ የሚበልጡት እንደሚያስታውሱት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይህን ትቶ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ፣ በትዳር ውስጥ ሠርተው የሚያገኙትም የጋራ እንዲሆን ደነገገ። የባል ደመወዝ በሕግ የሚስትም ነው ማለት ነው። ወሩ ሲያልቅ ግን የአስቤዛ ብር የምንቀበለው እንደ ደጅ ጠኚ ነው፤ ለሽንኩርት ስንት፣ ለዘይት ስንት እየተባልን።

ወደ ወጪው እንለፍ። አንዱ ደመወዝ ሲቀር ከቤት ወጪ መጀመሪያ የሚቀነሰው ምንድን ነው? ባለፈው ክረምት እኛው በየቤታችን ደብተር ይዘን ጻፍነው። መጀመሪያ የወጣው የእናትየው እቁብና የዚህ ማኅበር ቁጠባ ነበር፤ «ገቢ የለሽም፣ ምን ትቆጥቢያለሽ?» ተብሎ። ቀጥሎ የልጁ እንቁላልና ወተት። የበዓል ቅርጫ አልተነካም። የኬጂው ወጪም አልተነካም፤ የልደት ኬክ፣ የ«ከለር ዴይ» ልብስ፣ ከዚያም ጫማ ማሰር ያልቻለ ልጅ ጋዋን ለብሶ የሚመረቅበት የፎቶ ክፍያ። ልጆቻችን አምረው ነበር፣ እሱን አንክድም።

እኛ ቅደም ተከተሉ ይቀየር እንላለን። ኪራይ፣ ምግብ፣ የጤና መድን መዋጮ ይቅደሙ። ወዲያው ቀጥሎ፣ ከትምህርት ቤት ምርጫም በፊት፣ ቤት በዋለችው ስም የሚቀመጥ ቁጠባ ይምጣ፤ ትንሽም ቢሆን እንደ ኪራይ የማይታለፍ ወጪ ተደርጎ ይቆጠር። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ፣ እንጀራ ጋግራ ከባልትናና ከሱቅ የምታስቀረው ብር የእርሷ ሥራ ነው፤ ከዚያ ላይ ይነሣ። ትምህርት ቤትን በተመለከተ ሁላችንም አልተስማማንም። ግማሾቻችን የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ስለሚመግቡ እዚያ እናስገባ እንላለን፤ ግማሾቻችን በክፍል ውስጥ ባለው የተማሪ ብዛት እንፈራለን። ይህን እያንዳንዱ ቤት ይወስን።

አሁን ለጉባኤው ሁለት ጥያቄ አለን። አንደኛ፣ የወለደች አባል ለሁለት ዓመት ዝቅ ያለ ቁጠባ እየከፈለች የአባልነትና የብድር መብቷ ይጠበቅላት። ዛሬ ባለው ደንብ ሦስት ወር ያልቆጠበች ትሰረዛለች፤ ሥራ ለመጀመር ብድር በምትፈልግበት ሰዓት ማለት ነው።

ሁለተኛው ደጋፊዎቻችንንም ይመለከታል። የለገሳችሁን የስፌት መኪናዎች ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ጨርቅ ለብሰው ይቆማሉ። መኪናዎቹ ደህና ናቸው። ሠልጣኞቹ ልጅ ከኬጂ ለማምጣት ስለሚሄዱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መኪና ለመጨመር ከታሰበው ገንዘብ ከስልጠና ክፍሉ ጎን ያለችው መጋዘን ጸድታ ለልጆች መዋያ ትሁን። ወለሉ ምንጣፍ፣ በሩ መረብ፣ አንድ የውኃ ማጣሪያና ስምንት ፍራሽ ይበቃታል። ከአባላቱ ሁለቱ በፈረቃ ይይዟቸዋል፤ በደመወዝ፣ በውል፣ በዓመት ፈቃድ። የደመወዙ ግማሽ ከተጠቃሚ ወላጆች፣ ግማሹ ከብድር አገልግሎት ትርፍ ይምጣ። ደረሰኙም በአባትየው ስም እንዲቆረጥ እንፈልጋለን።

የሂሳብ ሹሟ ዝርዝሩን በወረቀት ይዛለች። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው፤ መጋዘኗን ማየት የምትፈልጉ ቁልፉ እኛ ዘንድ አለ።